በቅድሚያ ስለተመሰገነ ተናጋሪ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

በአገራችን ንግግር እንዲያደርግ የተጋበዘ ሰው «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብሎ መጠየቁ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የንፍሮውን ጨው እንደመተቸት ይቆጠራል። ስለዚህ የሚጠይቅ የለም። የማይጠየቅ ነገር ደግሞ አይጠናም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ሲሆን የሚመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ያለ ክፍያ እንዲናገር የተጠራ ሰው መሄድ አለበት ወይስ የለበትም? የጥናቱ ወሰን አዲስ አበባ ነው፤ እንዳስፈላጊነቱ እስከ ዋሽንግተን ይዘልቃል። ጥናቱን በገንዘብ የደገፈ አካል የለም፤ ይህም ከርዕሰ ጉዳዩ ጋር በሚገባ ይጣጣማል።

ታሪካዊ ዳራ

ንግግር ሲፈጠር ነጻ አልነበረም። አዝማሪ በቃሉ ያድራል፤ ያወደሰው ሰው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ጠበቃም በቃሉ ያድራል። በራስ ሆቴል ይቀርብ በነበረው የጦቢያ ግጥም በጃዝ ምሽት ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ገብቶ ከግጥሙ ጎን ዲስኩር ሲያዳምጥ አምሽቷል። ስለዚህ «ሰው ንግግር ለመስማት ገንዘብ አያወጣም» የሚለው መላ ምት ውድቅ ነው። ያለው ማስረጃ የሚጠቁመው ልዩነቱ ማሲንቆው ላይ መሆኑን ነው። ማሲንቆ ይዞ የሚናገር ይሸለማል፤ ፓወር ፖይንት ይዞ የሚናገር ይመሰገናል።

ንግግር ስለሚያስገኘው ውጤትም የታሪክ ምስክር አለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ፉጨቱ እስኪያበቃ ታግሠው ንግግራቸውን ፈጸሙ። ዓለም አደነቀ። በቀናት ውስጥ ደግሞ ያው ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ። ዘመናዊው ነጻ ንግግር ይህንኑ ሥርዓት ሳያዛንፍ ይከተላል፦ አዳራሹ ያደንቃል፣ ከዚያ ሁሉም ቀድሞ ያሰበውን ያደርጋል። የተለወጠው በፉጨቱ ምትክ የሞባይል ጥሪ መግባቱ ብቻ ነው።

የግብዣ ዓይነቶች በአመጣጣቸው

ሀ. በደብዳቤ የሚመጣ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። የለመደ ሰው መሃሉን አያነብም፤ ሁለት ቦታ ብቻ ያያል። አንደኛው «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ነው። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ከሆነ ገንዘብ የለም። ሁለተኛው ግርጌው ላይ ያለው «ግልባጭ» ነው። ለሕዝብ ግንኙነት፣ ለጠቅላላ አገልግሎትና ለጥበቃ ተልኮ ለፋይናንስ ካልተላከ ተስፋ መቁረጥ ይቻላል። ደብዳቤው የሚያልቀው ሁልጊዜም «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» በሚል ነው። በሂሳብ አያያዝ ዓይን ይህ ቅድመ ክፍያ ነው። ተጋባዡ ገና ሳይስማማ ሙሉ ሂሳቡን ተቀብሏል፤ ልቅር ቢል ምስጋናውን በምን ይመልሳል?

ለ. በስልክ የሚመጣ። አካሄዱ እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ትንሽ ላስቸግርዎ ነበር።»

«ኧረ ምን ችግር አለው! ምን ልታዘዝ?»

ውሉ እዚህ ላይ ተፈርሟል። ጉዳዩ ገና አልተነገረም፣ ቀኑ አልታወቀም፣ ርዕሱ አልተጠቀሰም፤ ተጋባዡ ግን ምንም ችግር እንደሌለው በራሱ አንደበት አረጋግጧል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው «አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ናት» የሚለው ማብራሪያ ነው። አሥራ አምስቷ ደቂቃ በተግባር ስትዘረዘር ሁለት ሌሊት ዝግጅት፣ ከሲኤምሲ እስከ ሜክሲኮ የትራፊክ መጨናነቅ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀመራል ተብሎ 4 ሰዓት የሚጀመር መርሐ ግብር፣ ስብሰባ ላይ ያሉትን የመክፈቻ ተናጋሪ ጥበቃ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍትና ከሻይ ያልተመለሰውን ሕዝብ ፍለጋ ናት። ተጋባዡ መድረክ ሲወጣ የምሳው ሽታ አዳራሹን አውዶታል፤ መድረክ መሪውም «5 ደቂቃ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ያቀብለዋል።

ሐ. በሰው የሚመጣ። የባለቤትዎ ዘመድ፣ የክርስትና ልጅዎ ወይም የነፍስ አባትዎ ይልኩታል። ውሳኔ የሚባል ነገር ስለሌለበት ከጥናቱ ወጥቷል።

የግብዣ ዓይነቶች በወቅት

ተናጋሪ እንደ ሰብል ወቅት አለው። የታሪክ ምሁር ከየካቲት 23 የዓድዋ በዓል በፊት ባለው ሳምንት ይፈለጋል፤ የካቲት 24 ቀን ስልኩ ጸጥ ይላል። ሐኪም በኅዳር 22፣ የኤድስ ቀን ሲከበር ይነሳል። ሴት ባለሙያ ደግሞ የካቲት 29፣ ማርች 8 ሲመጣ፣ በአንድ ማለዳ ከየመሥሪያ ቤቱ ትጠራለች። ርዕሱ ብዙ ጊዜ የሴቶች የኢኮኖሚ ተጠቃሚነት ነው። የምታቀርበው በነጻ ነው።

ከባሕር ማዶ በዙም የሚመጣው ግብዣ ወቅት የለውም፤ ሰዓት ግን አለው፤ የማን ሰዓት እንደሆነ ነው የማይታወቀው። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖች እሑድ ምሳ በልተው «ከሰዓት በኋላ 2 ላይ» ሲሉ አዲስ አበባ እንደየወቅቱ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። «በእናንተ ነው በእኛ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የዝግጅቱን ግማሽ ጊዜ ይወስዳል።

ከባዶ በታች ስለሆነ ክፍያ

ለብቻው መታየት ያለበት የመጽሐፍ ምረቃ ነው። በ1936 ዓ.ም. በተቋቋመው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር አዳራሽም ይሁን በሆቴል፣ ለዳሰሳ የተጋበዘ ሰው መጀመሪያ መጽሐፉን ማንበብ አለበት፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ይህን ከባድ ያደርገዋል። ቀጥሎ ደራሲው፣ እናቱና የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩት እውነቱን መናገር አለበት። ስለዚህ «ደራሲው ብዙ እንደደከሙ ያስታውቃል» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ወገን አስደስቶ አያውቅም፤ አስቆጥቶም አያውቅም። በመጨረሻም ደራሲው ከመሸጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ስለሚጠብቁት የዳሰሰውን መጽሐፍ ከነፊርማው ገዝቶ ይወጣል። ክፍያው ባዶ ቢሆን ኖሮ ትርፍ ነበር።

ገንዘብን ስለሚተኩ ነገሮች

እነዚህ የታሸገ ውኃ፣ እስክሪብቶና ማስታወሻ ደብተር፣ ምሳ፣ ጋቢ እንዲሁም የምስክር ወረቀት ናቸው። ውኃው ይጠጣል፣ እስክሪብቶው አይጽፍም፣ ምሳው ይበላል፣ ጋቢው ይሞቃል። የምስክር ወረቀቱ ግን ሰፊ ጥናት ይሻል።

የምስክር ወረቀት በስም አጻጻፍ በአምስት ይከፈላል። አንደኛው ስሙ በትክክል የተጻፈበት ነው፤ አለ ይባላል። ሁለተኛው ፊደል የተገደፈበት ነው፤ አቶ ንጉሡ የንጉሡ «ሠ» ተወስዶባቸው በእሳት «ሰ» ይቀራሉ። ሦስተኛው የአባት ስም የተለወጠበት ሲሆን፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው ላደረገው ንግግር ዕድሜውን ሙሉ ሲመሰገን ይኖራል። አራተኛው ስሙ በነጠብጣብ መስመር ላይ በእስክሪብቶ የተሞላበት ነው፤ ለማንም እንዲሆን ተዘጋጅቶ ለእርስዎ ደረሰ። አምስተኛው ማዕረጉ የተለወጠበት ነው። ዲግሪ ያልጨረሰ ሰው «ዶ/ር» ሆኖ ይወጣል፣ ፕሮፌሰሩ ደግሞ «አቶ» ይሆናሉ። ይህ ስህተት ቢመስልም በአገር ደረጃ ሲደመር ሚዛኑ የተጠበቀ ነው፤ ከአንዱ የተቀነሰው ለሌላው ተጨምሯል።

በይዘቱ ሲታይ አንድ ወጥ ነው። ሁሉም «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ይላል። መጠነኛ አስተዋጽኦ፣ ደህና አስተዋጽኦ ወይም «ከምንም ይሻላል» የሚል የምስክር ወረቀት በጥናቱ አልተገኘም። ለአምስት ደቂቃ የተናገረውም፣ የአዳራሹን ኪራይ የሸፈነው ስፖንሰርም አስተዋጽኦአቸው እኩል ከፍተኛ ነው። ልዩነቱ የስፖንሰሩ ፍሬም መተለቁ ነው።

ፍሬም ከተነሳ፣ ወረቀቱ በአለባበሱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ባዶ ወረቀት፣ ላሚኔት የተደረገና ባለ መስታወት። ባዶው ከአዳራሹ በራፍ ዝናብ ሲቀበለው ቀለሙ ይፈስሳል። ላሚኔቱ ዝናብ አይነካውም፣ ግን አይታጠፍም፣ አይጠቀለልም፣ ቦርሳ አይገባም፤ ብብት ውስጥ ተይዞ ይሄዳል። ባለ መስታወቱ በሚኒባስ ይጓዛል። ተናጋሪው ጉልበቱ ላይ ያቆመዋል፤ ተሳፋሪው በሙሉ ያነበዋል፤ ከኋላ ያሉ እናት «እሰይ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ምን ደርሶህ ነው?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ በአግባቡ የመለሰ ተናጋሪ እስካሁን አልተገኘም። ረዳቱ በበኩሉ ዕቃው የያዘውን ቦታ በዓይኑ ከለካ በኋላ የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቃል። በዚያ ቀን ከተናጋሪው ጋር ስለ ገንዘብ በግልጽ የተነጋገረ ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

አሰጣጡም ሥርዓት አለው። የክብር እንግዳው ይሰጣሉ፣ ተቀባዩ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሁለቱም ወረቀቱን ሳይሆን ካሜራውን ያያሉ። ወረቀቶቹ የተደረደሩት በአንድ ቅደም ተከተል፣ ስሞቹ የሚጠሩት በሌላ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ሰው ይዞ ይወርዳል። ከመርሐ ግብሩ በኋላ በኮሪደሩ ላይ የልውውጥ ገበያ ይቆማል፤ «የእኔ አንተ ጋ ነው መሰለኝ» እየተባባሉ ምሁራን ሲፈላለጉ ይታያሉ። እውነተኛ ውይይት፣ ትውውቅና የልምድ ልውውጥ የሚደረገው እዚህ ላይ ነው። መድረኩ ቀርቶ ኮሪደሩ ብቻ ቢዘጋጅ ወጪ ይቆጥባል።

በቤት ውስጥ ያለው የሕይወት ዑደት አጭር ነው። መጀመሪያ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከምረቃ ፎቶው አጠገብ ይሰቀላል። ሁለተኛው ሲመጣ ቡፌው ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ሲመጣ ሁሉም ከሶፋው ጀርባ ይገባሉ። በመጨረሻ የቤቱ እመቤት መስታወቱን አውልቀው ለልጆቹ ፎቶ ያደርጉታል፤ ወረቀቱም ወፍራም ስለሆነ ልጆቹ ጀርባው ላይ ይስሉበታል። ከተናጋሪው ሥራ ለትውልድ የተላለፈው ይኸው ነው።

ስለ ግብር እና ስለ አበል

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያላቀረበ አገልግሎት ሰጪ ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ይደነግጋል። የባዶ 30 በመቶ ባዶ ነው። በዚህ ረገድ ነጻ ተናጋሪ ሕግ አክባሪ ዜጋ ነው።

አበልን በተመለከተ የተገኘው ውጤት አጥኚውን ራሱን አስደንግጧል። ስብሰባው ሲያበቃ በራፉ ላይ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ተሳታፊዎች እየፈረሙ የውሎ አበልና የትራንስፖርት ይቀበላሉ። ሲያንቀላፋ የዋለውም ይፈርማል፣ ለምሳ ብቻ የመጣውም ይፈርማል። ተናጋሪው ሰልፉን ይዞ ሲደርስ ልጅቷ ዝርዝሩን በጣቷ ወርዳ «ውይ ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እንግዳ ነዎት፤ ተሳታፊ አይደሉም» ትለዋለች። በአክብሮት ነው የምትለው። ዝም ብሎ ለሰማ ተከፍሎ፣ ለተናገረ የማይከፈልበት ሙያ ይህ ነው።

የውሳኔ ሠንጠረዥ

እዚህ ላይ የግብዣውን አመጣጥ፣ ወቅቱን፣ ርቀቱንና የፍሬሙን ዓይነት በነጥብ አስልቶ «ሂድ» ወይም «ቅር» የሚል ሠንጠረዥ ሊቀርብ ታቅዶ ነበር። ቀርቷል። ስልክ ተደውሎለት «ቆይ ሠንጠረዤን ልይ» የሚል ሰው በአገሩ የለም፤ «ምን ችግር አለው» ቀድሞ ከአፍ ይወጣል። ይሉኝታ በነጥብ አይሰላም።

ስለዚህ ምደባውን ትተን የሚጠቅመውን ብቻ እንናገር። ጋባዡን «ለእኔ ስንት?» ብለው መጠየቅ ቢያሳፍርዎ «ለሌላውስ ተከፍሏል?» ብለው ለራስዎ ይጠይቁ። የመንደሩ ልጆች የንባብ ክበብ አቋቁመው፣ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው፣ ሻዩን ከኪሳቸው አፍልተው ከጠሩዎ ይሂዱ፤ ማንም ያልተከፈለበት ቦታ ላይ እርስዎም ባይከፈልዎ ውርደት የለውም፣ ጥያቄያቸውም ከሆቴሉ ስብሰባ ይሻላል። ለአዳራሹ፣ ለባነሩ፣ ለድምፅ ማጉያው፣ ለቪዲዮ ቀራጩ፣ ለምሳውና ለተሰብሳቢው አበል ተከፍሎ በጀቱ ያለቀው እርስዎ ጋ ሲደርስ ብቻ ከሆነ ግን ያልተከበረው የእርስዎ ሥራ ነውና ይቅርብዎ። ሕመም ወይም ለቅሶ አይፍጠሩ፤ «በነጻ አልችልም» ማለት ይበቃል።

ጋባዦችም አንድ ነገር እንለምናችሁ። ገንዘብ ከሌላችሁ የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት። ከፋይ የሌለው መሆኑን አውቆ የሚመጣ ሰው ሞልቷል፤ ምስጋናውን ግን ከንግግሩ በኋላ አድርጉት።