ሞላላዋ ኳስ ወደ ሰበታ

ራግቢ በይፋ የደመወዝ ጨዋታ የሆነው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አዲስ አገር ፍለጋ ላይ ነው፤ የዓለም ዋንጫውን በ2019 ጃፓን አስተናገደች፣ የ2031ዱ ለአሜሪካ ተሰጥቷል። ታዲያ የእኛዎቹ ከተሞች ምን ጎደላቸው? ሱሉልታ ሳንባ አላት፤ ለሯጮቿ ወገብ ይዞ የሚጥል ሰው መጨመር ብቻ ነው። የቡራዩ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ መጋፋቱን ታክሲ ሰልፍ ላይ ጨርሶታል። ሰበታማ ልምድም አላት፦ የእግር ኳስ ክለቧ ሰበታ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፣ በ2014 ወረደ። ለማደግ ጭብጨባ ይበቃል፤ ለመቆየት በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ያሻል።

ደግነቱ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ለራግቢ ፌዴሬሽኑ አንድ ማኅተም ይበቃል። ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትሉና የውሎ አበሉ ከወዲሁ ይጽደቁ፤ ኳሷ በኋላ ትደርሳለች። ጌቶቼ፣ እባካችሁ ማኅተሙን ከማስቀረጻችሁ በፊት ሜዳውን አስምሩ።