ዕረፍታችን መንገድ ላይ ያልቃል

የእኛ ቤተሰብ ዕረፍት አንድ ዓይነት ነው፤ አገር ቤት መሄድ። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ የሚባል ወሬ ቤታችን ውስጥ አይነሳም። የአባቴ ወገን እንጅባራ፣ የእናቴ ወገን ዳንግላ ነው፣ ሁለቱም አዊ ዞን ውስጥ፤ ገንዘብና ጊዜ ሲገጥሙልን ጉዞው ወደዚያው ነው። እሱን ወደን የምናደርገው ስለሆነ አያማርረኝም። የሚያማርረኝ ከቤት ወጥተን የአክስቶቼን ደጃፍ እስክንረግጥ የሚገጥመን ሁሉ ነው፤ ከረገጥንም በኋላ የሚከተለው። አዲስ አበባ የሚኖር የአዊ ልጅ ይህን እሮሮ ከእኔ መስማት አያስፈልገውም፣ ራሱ ያውቀዋል።

ከቀን መቁጠሪያው ልጀምር። ልጆቻችን እንዲያዩልን አጥብቀን የምንመኘው ጥር 23ን ነው። የጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ የሚከበርበት። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ አድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን እያስታወሰ እስከ ዛሬ የዘለቀ ነው። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም ፈረሱን አሸልሞ የሚጎርፈውን ሰው አባት ከልጁ ጋር ቆሞ ቢያይ የሚገኘውን ነገር የትኛውም መጽሐፍ አይሰጥም። ታዲያ በዕለቱ ልጆቻችን የት ናቸው? ፈተና ላይ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ጠብቆ እዚያው ሰሞን ላይ ይወድቃል። ትምህርት ቤት ሄደን ስንለምን «ለሕመም ካልሆነ አይቻልም» እንባላለን። ሰፊው ዕረፍት የሚመጣው ክረምት ነው። ክረምት ደግሞ እንጅባራ፣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ፣ ሐምሌና ነሐሴን በዝናብና በጭጋግ ውስጥ ነው የምታሳልፈው። ልጆቹ ምድጃ ዳር ተኮልኩለው ይውላሉ፤ ከደጅ ብቅ ሲሉ ጭቃው ጫማቸውን ያወልቃል። እሸቱ ደርሶ፣ ሜዳው አደይ ለብሶ፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ትምህርት ተከፍቷል።

እሺ፣ ቀኑ ተገኘ እንበል። በዓል ሲቃረብ ታሪፍ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሳይነጋ መናኸሪያ እንደርሳለን። ደላላው «ወንበር አልቋል» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ያለቀው ወንበር በእጥፍ ዋጋ ይገኛል። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው መንግሥት ያወጣው ታሪፍ ነው፣ ከእጃችን የወጣው ግን ሌላ። «ለምን?» ያለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «ካልተስማማህ ውረድ።» በዚህ ላይ የእንጅባራ ሰው የባሕር ዳርን ሒሳብ ይከፍላል። ወደ 120 ኪሎ ሜትር ቀድመን ወርደን፣ ወንበራችን ላይ ሌላ ሰው ተጭኖበት፣ እሱም ከፍሎ። ይህን የሚቆጣጠር አካል መኖሩን በየዓመቱ እንሰማለን፤ መናኸሪያ ውስጥ ግን አግኝተነው አናውቅም።

መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። መተላለፊያው ላይ ዱካ እየተደረገ ትርፍ ሰው ይቀመጣል፤ ለመውረድ የፈለገ ጉልበት እየተራመደ ነው የሚያልፈው። ከሁሉ የባሰው ግን መስኮቱ ነው። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንቆለቆል ሙቀቱ ያፍናል፣ ጠመዝማዛው ሆድ ያገላብጣል። ልጄ ፊቷ ሲገረጣ ሎሚ ቆርጬ አፍንጫዋ ላይ እይዝላታለሁ፣ በሌላው እጄ መስኮቱን ገርበብ አደርጋለሁ። ወዲያው ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ መታን!» ይመጣል። እዘጋዋለሁ። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ፌስታሉ ይሞላል። ያ ሁሉ ሰው አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍናል እንጂ መስኮቱን የሚከፍት የለም። ከድልድዩ ወዲያ ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ መንገዱ በመሬቱ መንሸራተት የተሰነጣጠቀ ስለሆነ መናጡ ይጨመርበታል። ከጧት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰች ልጅ ደብረ ማርቆስ ምሳ አትበላም። እናቷ የቋጠረችው ዳቦ ቆሎ እንደተቋጠረ እንጅባራ ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ይህ ሁሉ ትንሹ ጣጣ ሆኗል። አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት ገብቶ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ሲጠፋ፣ ዕረፍት ማቀድ የሚባለው ነገር ቀረ። «መንገዱ እንዴት ነው?» ሳይባል ማንም ሻንጣ አያነሳም። ያለው ሰው እስከ ባሕር ዳር ይበርራል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በመኪና ከመምጣት ግን እሱም አያመልጥም። ኬላው ላይ ሁሉም ይወርዳል፣ መታወቂያ ይታያል፣ ዕቃ ይፈተሻል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። በዚህ የተነሳ ስንት የጓደኛ እናት ልጇን ሳታይ፣ ስንት ልጅም ቀብር ሳይደርስ ቀረ። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም፣ ግን እየለመድነው ነው።

ስንደርስ ደግሞ የዘመድ ተራ ይጀምራል። መጀመሪያ በሌለንበት ለሞቱት ለቅሶ ይደረሳል፤ ይገባልም። ከዚያ በየቤቱ መብላት ነው። የአንዷን በልቶ የሌላይቱን መዝለል ቅያሜ ያመጣል። ዳንግላ ያሉት አክስቴ ቁጭ እንዳልን፣ «እንጅባራ ስታድር ከርመህ እኛ ዘንድ ለምሳ ብቻ?» ይላሉ። በመካከላችን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ያን መንገድ እንደ ባሕር ማዶ ነው የሚቆጥሩብኝ። ልጆቹ «በሞቴ» እየተባሉ የጎረሱት ጉርሻ ጉሮሯቸው ላይ ቆሞ፣ ጨዋታ ሳይጫወቱ፣ ከአያታቸው አንድ የአውኚ ቃል ሳይለምዱ የመመለሻው ቀን ይደርሳል።

ዘንገናን እንኳ አላዩም። እንጅባራ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ በደን የተከበበ ክብ ሐይቅ፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው ይባላል። የውጭ አገር ሰው ፎቶውን ይዞ ይሄዳል፤ የእኛ ልጆች በመኪና መስኮት ዛፉን ብቻ አይተው ያልፋሉ። ስንመጣ ደክሞን አንወርድም፤ ስንመለስ ሾፌሩ አይቆምም፤ መሐል ላይ ያሉት ቀናት የዘመድ ናቸው። የጥርባን ሐይቅ፣ የዶንዶርን ፏፏቴም እንዲሁ።

አንድ ነገር ለምኜ ነበር። በየቤቱ ከሚታረደው ዶሮ ይልቅ ሁሉም ያዘጋጀውን ይዞ፣ የእንጅባራውም የዳንግላውም ዘመድ በአንድ ቀን ዘንገና ዳር እንሰብሰብ፤ ልጆቹ ይሩጡ፣ ትልልቆቹ ይጫወቱ አልኩ። ታላቋ አክስቴ አልሰማችኝም። «ቤት የሌለኝ ይመስል ልጆቼን ሜዳ ላይ ላብላ? ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ድስቱንም መሶቡንም እኔ እሸከማለሁ፣ ሌሊቱንም አንቺው ቤት እናድራለን ብያታለሁ። እስካሁን እሺ አላለችም።