የሚያፈስ ጣሪያ ከሳፋው አንጻር፦ የመነሻ ጥናት

ያረጀ የቆርቆሮ ጣሪያ መቼ ይጠገናል፣ መቼስ ጨርሶ ይቀየራል የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ሰኔ ሲገባ ይነሣል፤ መስከረም ሲጠባ ይረሳል። ይህ ጥናት ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር የተካሄደ ነው። ከሥሩ ስል ቃሉን በቁሙ ይውሰዱልኝ፤ መረጃው የተሰበሰበው ሦስት ክረምት ሙሉ ከጣሪያው ሥር፣ አልጋ ላይ በጀርባ ተንጋሎ ኮርኒስ በማየት ነው። ናሙናው የእኛ ቤትና አጥር የሚጋሩን ጎረቤቶች ናቸው። ለጥናቱ ገንዘብ የመደበ አካል የለም። ባለቤቴ “ተነሥተህ ብትወጣበት አይሻልም?” የሚል አስተያየት በቃል አቅርባለች፤ አስተያየቷ ተመዝግቧል።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው። ሽብሽብ ቆርቆሮን በፈጠራ ያስመዘገበው ሄንሪ ፓልመር የተባለ የለንደን ወደብ መሐንዲስ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1829 ነው። ራቁቱን ያለ ብረት ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋልና፣ በ1837 ስታኒስላስ ሶሬል የሚባል ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከርን ዘዴ አስመዘገበ። የዚንክ ጠባይ ያስገርማል። ከላዩ ቢጫር፣ ብረቱም በጭረቱ በኩል ቢጋለጥ፣ በዙሪያው ያለው ዚንክ ራሱን ቀድሞ እያስበላ ብረቱን ያድነዋል። በእኛ ቤት ይህ ጠባይ የነበራት አያቴ ብቻ ናት። ዚንኩ ተበልቶ ሲያልቅ ቀዩ ዝገት ይመጣል፤ የጥናታችን ዘመንም ከዚያ ይጀምራል።

ውፍረቱ የሚለካው በጌጅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የተሳሳተበት አንድ ነገር አለ፤ የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ጌጁ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ባለ 28ቱ የዚያ እጥፍ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1985 ጣሪያውን ሲያለብስ ጎረቤት 28 መግዛቱን ሰምቶ ኖሮ፣ “ከሱ ላንስ ነው?” ብሎ 35 ገዛ። ሻጩ አላረመውም። አባቴም ቁጥሩን እስከ ዕለተ ሞቱ በኩራት ሲጠራው ኖረ።

አሁን ወደ ጠብታው እንግባ። ውሃ ቀዳዳው ባለበት አይንጠባጠብም። በላላ ምስማር በኩል ይገባል፣ ሞራሌውን ተከትሎ በጨለማ ይጓዛል፣ ወራጁን ይዞ ይወርድና ደስ ባለው ቦታ ይወድቃል። ቀዳዳው ሳሎን ላይ፣ ጠብታው ጓዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጠብታው ትክክል በላይ ወጥቶ ሬንጅ የሚቀባ ሰው የቀባው ደህናውን ቆርቆሮ ነው። እኛ ዘንድ ጓዳው ያለበት በኩል በሬንጅ ብዛት የአስፋልት መንገድ መስሏል። ጓዳው አሁንም ያፈሳል።

የጥናቱ ዋና ግኝት የሚከተለው ነው፦ ጣሪያ የሚጠገነው በቀዳዳው ስፋት ሳይሆን ከጠብታው ሥር ባለው ዕቃ ማዕረግ ነው። ጠብታው መተላለፊያ ላይ ካረፈ ሳፋ ይቀርባል። የልጆች አልጋ ላይ ካረፈ አልጋው ይገፋል። የአባወራው አልጋ ላይ ካረፈ አባወራው ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ለዓመታት ወደ ግድግዳ ተጠግቶ የሚተኛ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ቴሌቪዥን ላይ ካረፈ ግን በዚያው ሌሊት ስብሰባ ይጠራል። ከነሐሴ በፊት ሬንጅ የተገዛበት ብቸኛው ዓመት ይኸው ነው። የሶፋችንን አቀማመጥ አይተው “ምነው ሰያፍ አደረጋችሁት? ዘመናዊ ነው” የሚሉ እንግዶች አሉ። ሶፋው ሰያፍ የሆነው በሁለት ጠብታዎች መካከል ለማለፍ ነው።

የአቡጀዲ ኮርኒስ ያላቸው ቤቶች ለብቻቸው ጥናት ይገባቸዋል። ጨርቁ ውሃውን ወዲያው አይለቅም፤ ያጠራቅማል፣ ያጠራቅማል፣ እንደ እርጎ ቅል ተንጠልጥሎ እራት ላይ ያሉትን ሰዎች ቁልቁል ያያቸዋል። በዚህ ጊዜ ከቤተሰቡ ረጅሙ ሰው እርሳስ ይዞ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ሌላው ሳፋ ይይዛል፣ የቀሩት ይሸሻሉ። በማግስቱ የሚቀረው ቡናማ ነጠብጣብ ዳር ዳሩን እየሰፋ ይሄዳል። የእኛው መጀመሪያ ማዳጋስካርን ይመስል ነበር፤ ባለፈው ክረምት አፍሪካ ሆኗል።

የጥገና ተቃዋሚዎች ክርክር ደካማ አይደለም፤ ለፍትሕ ሲባል መቅረብ አለበት። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። 60 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ በዓመት 72,000 ሊትር ይቀበላል። እኛ ቤት ባለ 20 ሊትሩ ሳፋ በክረምቱ 30 ጊዜ ሞላ እንበል፤ 600 ሊትር ነው። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጣሪያው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን መልሷል! ይህን ውጤት ወደ ቤት ያመጣ ልጅ የለንም፤ አምጥቶ ቢሆን ኖሮ “ይቀየር” የሚለው ማን ነው? ይህን ስሌት ሠርቼ ሳቀርብ ባለቤቴ ሳፋውን አስይዛኝ ወጣች።

ጥገና ከተወሰነ ጥያቄው የሚቀርበው ለአናጢ ነው። አናጢ ጣሪያ ላይ እንደወጣ የሚናገረው አንድ ነው፦ “ማን ነው እንዲህ አድርጎ የመታው?” ትክክል ነው፤ ምስማር መመታት ያለበት ከሽብሽቡ ጀርባ ላይ፣ ከነጎማው ነው፤ ውሃ የሚሄደው በቦዩ ውስጥ ነውና። የእኛው ቦዩ ውስጥ ተመትቷል። የመታው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ፀጉሩ ገና አልሸበተም ነበር። ሰውን ጣሪያ ላይ ሳለ ማሳፈር አደጋ ስላለው ዝም አልኩ። ለፍትሕ ያህል፣ ቀዳዳው ሁሉ የሱ አይደለም። ዲሽ የሚያስተካክለው ልጅ አለ፤ እግር ኳስ በተቋረጠ ቁጥር ይወጣል፣ የሚረግጠውም ምስማር ያለበትን ሳይሆን ሥዕሉ የሚጠራበትን ቦታ ነው። ንፋስ እንዳይወስድ የጫንናቸው ድንጋዮችና አንድ የመኪና ጎማም አሉ። የባህር ዛፍ ቅጠል በጎማው ሥር ይከማቻል፣ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ቆርቆሮው ከዚያ ይበሳል። ጣሪያውን ለማዳን የተጫነው ጎማ ጣሪያውን በላው ማለት ነው።

የራሱ ያልሆነ ጣሪያ ሥር የሚኖረው ሰው ሁኔታ ይለያል። ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ጣሪያ በሚያፈስበት ወር። በግራ በኩል ያሉት፣ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ቆርቆሮ ለመቀየር ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤውን ለማግኘት የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ባለሙያው የሚመጣው ደግሞ በጋ ነው፤ በጋ ሲመጣ የሚታይ ውሃ የለም። እትዬ ሁኔታውን “ቤቱ የመንግሥት፣ ውሃው የእኔ” ብለው አጠቃልለውታል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ጣሪያው በሕግ የሁሉም ነው፣ ግራውንድ ላይ ያለው ሰው ግን ይህን ሲነግሩት ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

ታዲያ መቼ ይቀየር? በቀጥታ የሚሠራ አንድ ፈተና አለ። ፀሐይ በጠነከረበት ቀን ከኮርኒሱ በላይ ጭንቅላትን አስገብቶ ማየት ነው። ብርሃን የሚታየው በምስማሮቹ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ምስማሩን ከነጎማው መቀየር ይበቃል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ይበቃል። በቀን ኮከብ ከታየ ግን ሬንጅ ገንዘብ ማባከን ነው። ሞራሌው በጣት ሲጫኑት ከገባ ደግሞ አዲስ ቆርቆሮም አይረዳም፤ ምስማሩ የሚይዘው እንጨት የለውም።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የቁራሌውን ዓይን አምናለሁ። ስሙ ራሱ “ቆርቆሮ ያለው” ከሚለው ጥሪው የመጣ ነው ይባላል፤ በሙያው ላይ ጥያቄ የለም። ቆርቆሮ አንድ ጊዜ አይሞትም። ከትልቁ ቤት ሲወርድ ማድቤት ላይ ይወጣል፣ ከማድቤት አጥር ይሆናል፣ ከአጥር ዶሮ ቤት፣ ከዶሮ ቤት በቁራሌው ጆንያ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃ ሆኖ ተመልሶ ይሸጥልናል። ቁራሌው ይህን መንገድ ስለሚያውቅ ጣሪያን የሚያየው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው። ድሮ በራችን ላይ ሲያልፍ አሮጌ ጫማ ነበር የሚጠይቀን። ባለፈው ዓመት ቆም ብሎ ቀና አለ። ዘንድሮ ሰላምታ ሳያቀርብ “አልወረደም እንዴ?” አለኝ።

በሰፈራችን ባለፉት ዓመታት የተቀየረ ጣሪያ አንድ ብቻ ሲሆን ምክንያቱም ሰርግ ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ ከእንጦጦ ሳይታይ አይቀርም። እንግዶቹ የተስተናገዱት ውጭ፣ በእድሩ ድንኳን ሥር ነው። ድንኳኑ አላፈሰሰም።

እኛም በዚህ ጥናት ግኝት መሠረት ለመቀየር ወስነናል። እቁቡ በሚያዝያ ወጥቷል፣ ቆርቆሮው ተገዝቶ አልጋ ሥር ገብቷል፣ 28 ጌጅ ነው፣ አናጢውም ቀን ሰጥቷል። “ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም፣ ትንሽ ብንታገሥ” የሚል አንድ ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ ድምፁ የእኔ ነው፣ አልጸደቀም። የቀረው መሰላሉ ብቻ ነው። በሰፈራችን አንድ መሰላል አለ፤ የእኛ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን ካለፈው ጥምቀት ወዲህ አልታየም። ማን ቤት እንዳለ የምታውቁ ጎረቤቶች፣ እባካችሁ ለሰኔ ሚካኤል አድርሱልን። ከታች ሁለተኛው እርከን ላልቷል፤ ስትወጡበት ዳር ዳሩን ርገጡ።