ሀዋሳ ወይስ ወይን እርሻ? የሦስት ቀን ዕረፍት አመራረጥ ሳይንሳዊ ምርመራ

የችግሩ መነሻ

በዓል ዓርብ ወይም ሰኞ ላይ በዋለ ቁጥር የአዲስ አበባ ቤተሰብ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ወዴት እንሂድ? ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልሱ ግን ለረጅም ዘመን አንድ ብቻ ስለነበር ምሁራን ዞር ብለው አላዩትም። መልሱ «ሀዋሳ» ነበር። ነገሩ የተወሳሰበው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ፣ በአዲሱ ስሟ ባቱ፣ የወይን ተክል ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ገበያ ላይ ካዋለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ አንድ የተማረ ዘመድ ከራት በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ «በውጭ አገር እኮ ሰው ለዕረፍት የሚሄደው ወይን እርሻ ነው» ማለት ጀመረ። ይህ ጥናት የተካሄደው ያንን ዘመድ በማስረጃ ዝም ለማሰኘት ነው።

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው ምሽት ላይ፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሸጋገር፣ የጉዞ ክርክር በተነሣባቸው ቤቶች ነው። ናሙናው የተወሰደው በዘፈቀደ አይደለም፤ ቢያንስ አንድ መኪና ያለው ሰው እንዲገኝበት ግድ ነበር። የጽሑፍ መጠይቅም ተበትኗል። ይሁን እንጂ ሁሉም መልስ ሰጪዎች «እናንተ እንዳላችሁ» ብለው ስለሞሉት ለትንተና አልተመቸም። በመጨረሻም «እኔ እንኳ የትም ብንሄድ ግድ የለኝም» ያለው ሰው ዋነኛ ተቃዋሚ ሆኖ ስለሚገኝ፣ አጥኚው ሰው ከተናገረው ይልቅ ፊቱን መመዝገብ መርጧል።

መልክዓ ምድራዊ ግኝት

ጥናቱ ገና ከመጀመሩ የማይመች እውነት ገጠመው። ሁለቱ መዳረሻዎች ያሉት አንድ መንገድ ላይ ነው። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሀዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሞጆን፣ ቆቃንና መቂን አልፎ ወደ ሀዋሳ የሚወርድ ሰው ዝዋይን ሳይነካ አይሄድም። ሌላው ዓለም ከተማ ወይስ ወይን እያለ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ያሰላስላል። እኛ የምንመርጠው ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ ደግሞ ሳይመረጥ ሊታለፍ ይችላል፦ ሞጆ መገንጠያ ላይ እንቅልፍ የወሰደው የወይን ደጋፊ ሻሸመኔ ሲነቃ ጉዳዩ ያለ እሱ ድምፅ ተዘግቶ ያገኘዋል።

የከተማው ወገን ማስረጃ

ሀዋሳ ሐይቅ አላት፤ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባል መዝናኛ አለ፤ ባጃጅ አለ፤ የታቦር ተራራ አለ። ማለዳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የደረሰ ሰው ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲገቡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ደግሞ ተራ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ዝም ብለው ቆመው ያያል። ዓሣው ተጠብሶ ይበላል፣ ሾርባ ሆኖ ይጠጣል፣ ለደፋሩም ጥሬውን ይቀርባል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕውቀት አፍ መክፈት ብቻ ነው።

ዋናው ጥቅም ግን የሚታየው ማክሰኞ ቢሮ ሲገባ ነው። «ሀዋሳ ነበርን» ያለ ሰው «ዓሣ በላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። «በላን» ይላል። ጨዋታው ያልቃል፤ ሁለቱም ወገን ይረካል። «ዝዋይ ነበርን» ያለ ሰው ግን «ውይ፣ ማን ታስሮ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ምክንያቱም የፌዴራል ማረሚያ ቤት እዚያ ስላለ ለብዙ ዓመታት ዝዋይ የሚመላለስ የአዲስ አበባ ሰው እጅ ላይ የሚታየው የስንቅ ሳህን እንጂ የወይን ብርጭቆ አልነበረም። ዕረፍት ሄዶ ማጽናኛ መቀበል ደግሞ ዕረፍቱን እንደሚቀንስ ግልጽ ነው።

የወይኑ ወገን ማስረጃ

ወይኑም የራሱ ክብር አለው። እርሻው ያለበት አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት የወይን ዝርያዎች ይበቅሉበታል፤ ጠርሙሶቹም ሪፍት ቫሊና አኬሽያ በሚል ስም ይወጣሉ። ከከተማው ሕዝብ ቀድመው እርሻውን ለመጎብኘት ፍላጎት ያሳዩት የአካባቢው ጉማሬዎችና ዘንዶዎች ሲሆኑ፣ ኩባንያው እነሱን ለማስቀረት ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሯል። አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ ጎብኚ እንዳይገባ መቆፈር ግድ የሆነበት የሀዋሳ መዝናኛ የለም። ይህ ነጥብ ለወይኑ ተይዞለታል።

ከዚህ በኋላ ግን ማስረጃው ይሳሳል። ወይን እርሻ ውስጥ የሚደረገው ዋና ነገር ወይን ማየት ነው። ወይኑ በመስመር ተተክሏል። አንዱን መስመር በጥሞና ያየ ሰው ሁለተኛውን በግምት ያውቀዋል። በአንድ ቤት የተገኙ፣ ገጠር ተወልደው ያደጉ አክስት ይህን ሲሰሙ የሰጡት አስተያየት የዘርፉን ንድፈ ሐሳብ ከሥሩ አናግቶታል፦ «ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ የመጣሁት እርሻ ላለማየት ነው።»

የቅምሻ ችግር

በወይን አገር ልማድ እንግዳው ብርጭቆውን ያዞራል፣ ያሸታል፣ ይጎነጫል፣ ከዚያም ይተፋል። በእኛ ቤት እያንዳንዱ እርምጃ ክስ ያስነሣል። የቀረበለትን መጠጥ አዙሮ ያየ ሰው ዝንብ እየፈለገ ነው። ያሸተተ ሰው አስተናጋጁን ጠርጥሯል። የተፋ ሰው ደግሞ ተከፍሎበት የመጣ መጠጥ ስለሆነ ግፍ ሠርቷል። የሚቀረው መጎንጨት ነው፤ እሱንም «እስቲ ኮካ ጨምሩበት» የሚል ድምፅ ሳያቋርጠው አይቀርም። ጉደር ወይንን በኮካ አለስልሶ ያደገ ትውልድ ፊት ስለ ወይኑ አፈርና ፀሐይ የሚሰጥ ገለጻ ብዙ ርቀት አይሄድም።

በተጨማሪም ወይን በአዲስ አበባ ኑሮ ውስጥ ያለው ድርሻ ከመጠጥ ይልቅ ወደ ገንዘብ ይጠጋል። ለፋሲካ ከአንድ ቤት የተበረከተ ጠርሙስ ለልደት ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ለምርቃት፣ ከምርቃት ለአራስ ጥየቃ። ሳይከፈት ዞሮ መጀመሪያ የገዛው ሰው እጅ የሚገባበት ጊዜም አለ። ለዚህ ማኅበረሰብ ወይን እርሻን ማስጎብኘት የብር ማተሚያ ቤት ከማስጎብኘት ብዙም አይለይም፦ ሁሉም ያደንቃል፣ ማንም አይቀምስም።

የጾም ተጽዕኖ

ረጅም ዕረፍት ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ወይም ከዓርብ ጾም ጋር ይገጥማል። ወይን ከተክል ስለሚገኝ ጥያቄው ዓሣው ላይ ይወድቃል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሞጆ ላይ ይነሣና ሳይፈታ ዝዋይ ያደርሳል። ዝዋይም ሐይቅና ዓሣ ስላላት ክርክሩ እዚያ ሊቆም ሲገባው፣ ተከራካሪዎቹ «ሀዋሳ ስንደርስ እንወስናለን» ብለው ስለሚቀጥሉ ዝዋይ ለሁለተኛ ጊዜ ትታለፋለች።

ውሳኔ የሚሰጠው ማነው?

እስካሁን የተዘረዘሩት ምክንያቶች ሁሉ ጌጥ ናቸው። ውሳኔው የሚሰጠው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ዘመድ ነው። ሀዋሳ የአጎት ልጅ የሌለው ቤተሰብ በናሙናው ውስጥ አልተገኘም። እሱ ቤት አይታደርም፤ ነገር ግን ሳይጎበኙት መመለስ እስከሚቀጥለው ሠርግ ድረስ የሚዘልቅ ቅያሜ ያስከትላል። የወይን ተክል ግን አይቀየምም።

ሁለተኛው ሾፌሩ ነው። መሪ የጨበጠ ሰው ወይን አይቀምስም፤ መቅመስም የለበትም። ስለዚህ ለሾፌሩ የወይን እርሻ ጉብኝት ማለት ሌሎች ሲጠጡ ቆሞ መጠበቅ ነው። መኪናው የእሱ፣ ነዳጁ የእሱ፣ መሪውም የእሱ ሆኖ ሳለ እንዲህ ባለ ቦታ ፍሬን ይይዛል ብሎ መገመት ሳይንሳዊ አይሆንም። ዓሣን ግን ሾፌሩም ይበላል። ከዴሞክራሲ አንጻር የመላው ተሳፋሪ መዳረሻ ሊባል የሚችለው ሀዋሳ ብቻ ነው።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ወይን እርሻ የግድ ማየት ያማረው ቤተሰብ ከወዲሁ አንድ የማይጠጣ ጓደኛ ያፍራ፤ ጴንጤ ወይም ሙስሊም ጎረቤት ያለው ሰው ለዚህ ጉዞ ግማሹን ዝግጅት ጨርሷል። ለቀረነው ግን ፍርዱ ቀላል ነው። የዝዋይ ወይን በጭነት መኪና ተጭኖ በየሰፈሩ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ደርሷል፤ የሀዋሳ ሐይቅ አልደረሰም፣ የመድረስ ሐሳብም የለውም። ከሁለት አንዱ ራሱ ወደ እርስዎ የሚመጣ ከሆነ፣ እርስዎ ወደ ሌላው ይሂዱ። ሀዋሳ ይሂዱ። ጠርሙሱን ከሰፈርዎ ገዝተው ይያዙ፤ የሚከፍቱት ግን መኪናው ቆሞ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ይሁን።