የቦሎ ሰሞን ጎማ

የተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ፣ ማለትም የመኪናው ፍሬን፣ መሪ፣ መብራት፣ ጎማና ጭስ ተፈትሾ ለመንገድ ብቁ ሆኖ ሲገኝ በተለምዶ ቦሎ የሚባለው ምልክት በፊት መስታወቱ ላይ የሚለጠፍበት ሥርዓት፣ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ግዴታ ነው። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ግን የሚመረመረው መኪናና ዓመቱን ሙሉ በመንገድ ላይ የሚውለው መኪና አንድ ናቸው ብለው በየዋህነት ሳያስቡ አልቀሩም፤ ይህን ጉድለታቸውን ብልሆቹ የአዲስ አበባ አሽከርካሪዎች ጎማ በመከራየት አርመውላቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለመኪናው በምርመራው ዕለት ማለዳ ወደ ጎሚስታ፣ ማለትም ጎማ ወደሚፈታና ወደሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ይሄዳል፤ ሽቦው ሊወጣ የደረሰው የራሱ ጎማ ተፈትቶ ጥርሱ ያልተነካ ጎማ ይታሰርለታል፤ ቦሎውን ለጥፎ ሲመለስም የተከራየው ጎማ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፍና መላጣው ወደ ቦታው ይመለሳል። ቁጠባውን አለማድነቅ አይቻልም፤ በአንድ መኪና ሥር ታስሮ ያረጅ የነበረ ጎማ ከአንዱ ቪትዝ ወደ ሌላው ቪትዝ እየተዘዋወረ ብቃቱን ደጋግሞ ያስመሰክራል፤ መርማሪውም ያንኑ ጎማ ከምሳ በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው የቀረው ነገር ቢኖር የቤተሰቡን ደኅንነት መጠየቅ ብቻ ነው።

የጎማ ጥርስ ጌጥ ሳይሆን በጎማውና በአስፋልቱ መካከል የሚገባውን የዝናብ ውሃ የሚያስወጣ ቦይ መሆኑ፣ የአዲስ ጎማ ጥርስ 8 ሚሊሜትር ገደማ ጥልቀት ሲኖረው በብዙ አገሮች ከ1.6 ሚሊሜትር በታች የወረደ ጎማ ከመንገድ የሚወገድ መሆኑ፣ በጎማው ጎን የታተሙት 4 አኃዞችም የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚያመለክቱ መሆናቸው፣ ለምሳሌ 2319 ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ2019 23ኛው ሳምንት መሆኑ፣ አሽከርካሪ ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት ነው ይባላል። ጎማ ተከራዩ ግን ከዚህ ሁሉ ጥናት ነጻ ወጥቷል፤ የሚያስፈልገው እውቀት የኪራዩ ሰዓት ብቻ ነው።

ቀሪው ኃላፊነት በእግረኛው ላይ ይወድቃል። መኪናው በዓመት አንድ ማለዳ ብቻ በደንብ የሚቆም ከሆነ፣ አስተዋይ እግረኛ መንገድ የሚያቋርጠው በዚያው ማለዳ፣ በዚያው መኪና ፊት ሊሆን ይገባል። ለዚህም ለእያንዳንዱ ነዋሪ የሰሌዳ ቁጥሮችን ከምርመራ ቀናቸው ጋር የያዘ መድበል ሊታደለው ያስፈልጋል፤ በመገናኛ ዜብራ ላይ የቆመች እናት አንድ እጇን ለልጇ፣ ሌላውን ለመድበሉ ሰጥታ፣ የሚመጣው ሚኒባስ ተራው ማክሰኞ እንደነበረ አንብባ እስከሚቀጥለው ዓመት በትዕግሥት ትጠብቃለች። ቀኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጎማው ከቀትር በፊት ስለሚመለስ ሰዓቱም ሊመዘገብ ይገባል። ይህን ያህል መጠበቅ የማይችል ቤተሰብ ኑሮውን ወደ ምርመራ ጣቢያው ቅጥር ግቢ ያዛውራል፤ በዚያ ሁሉም መኪና ባለሙሉ ጥርስ ሆኖ በእግር ፍጥነት ስለሚነዳ፣ በመላ ከተማው ሕፃን መንገድ እንዲሻገር የሚፈቀድበት ብቸኛ ሥፍራ እርሱ ይሆናል፤ ቀስ በቀስም ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያው ወደዚያው ይሰበሰባል፣ የመሬቱም ዋጋ ይንራል፤ በመጨረሻም መኪና የሚገባበት ቦታ ይጠፋና ምርመራው ይቋረጣል።

በምርመራው የሚታየው የእሳት ማጥፊያም እንዲሁ ከጎረቤት ተበድሮ ለዕለቱ ይሰቀላል፤ እሳት በሌላ ቀን እንደማይነሣ የታወቀ ነውና። የፍሬን ዘይትን ግን ማንም አይከራይም፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚያረጅና በረጅም ቁልቁለት ሲግል ስለሚፈላ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ፔዳሉ ባዶ ሲረገጥ የመስታወቱን ቦሎ እያየ ይጽናናል።

ጎማ ተወዷል የሚለው ምክንያት እውነትነት አለው፤ መፍትሔው ግን መኪናውን ማቆም እንጂ መርማሪውን ማታለል አይደለም። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ሰው ይገድላል። እያወቀ የሚያሳልፈው መርማሪም ከሚያጭበረብረው አሽከርካሪ አይሻልም።

ወደ ውዳሴው ለመመለስ፣ ጥበቡን የማይወዱ አንዳንድ ሰዎች በጎማው ጎን ያሉት አኃዞች በምርመራ ቅጹ ላይ ተጽፈው፣ የትራፊክ ፖሊስ ከወር በኋላ መንገድ ላይ ቢያመሳክራቸው ኪራዩ ይከስማል የሚል ሐሳብ ያቀርቡ ይሆናል። ሐሳቡ ግን እስክሪብቶ የሚጠይቅና ፖሊሱን ጎንበስ የሚያሰኝ ከመሆኑም በላይ፣ ጎሚስታውን ከቋሚ ደንበኞቹ የሚለይ ስለሆነ ሰፊ ጥናት ያስፈልገዋል።