የአሻጋሪዎቹ ጨጓራ

ያሱኖሪ ሚትሱዳ የሚባል ጃፓናዊ ወጣት «ክሮኖ ትሪገር» ለተባለ ጌም ሙዚቃ ሲደርስ ያለ ዕረፍት ሠርቶ ሠርቶ ጨጓራው ቆሰለና ሆስፒታል ገባ። የሙያ ባልደረባው ኖቡኦ ኡዌማትሱ ገብቶ ባያግዘው ኖሮ ሥራው ባላለቀ ነበር። ምን ያድርጉ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች አልሠለጠኑም። ጥሩ ጌም ያለ ጨጓራ አይሠራም ብለው ያምኑ ነበር። ዛሬ ጥበቡ አድጎ፣ የድሮ ጌም ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግሩ ባለሙያዎች ጨጓራቸውን ሳይነኩ ሥራቸውን ይጨርሳሉ። የሚላጠው የገዢው ጨጓራ ነው።

ላልሰማ ላሰማ። «ክሮኖ ትሪገር» በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የጌም መጫወቻ የወጣ፣ የአንድን ሰው ሚና ይዘው ታሪክ የሚኖሩበት፣ ተጫዋቾች «አርፒጂ» የሚሉት ዓይነት ጌም ነው። የ«ፋይናል ፋንታሲ» አባት ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ «ድራጎን ክዌስት»ን የፈጠረው ዩጂ ሆሪ እና የ«ድራጎን ቦል» ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ ተሰባስበውበታል። ክሮኖ የሚባል ልጅ የአንድ መንግሥት 1000ኛ ዓመት በሚከበርበት ባዛር ላይ የጊዜ በር ይከፈትበታል። ከዚያ ወዲያ አንዴ ዳይኖሰር ወዳለበት ዘመን፣ አንዴ ፍርስራሽ ብቻ ወደቀረበት 2300 ዓመት እየተመላለሰ፣ በ1999 ከመሬት ሆድ ወጥቶ ዓለምን የሚያጠፋውን ላቮስን ለማስቆም ይታገላል። ይህ ሁሉ ዘመን፣ ይህ ሁሉ ዜማ፣ ከአሥር በላይ የተለያየ ፍጻሜው ሳይቀር፣ የሰፈረው 4 ሜጋባይት በምትይዝ ካሴት ላይ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶ ያንን ያህል ቦታ ይወስዳል።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018 የጌሙ ባለቤት ስኩዌር ኢኒክስ ይህንኑ ጌም ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር በኩል ለኮምፒውተር አቀረበ። አስቀድሞ ማስታወቂያ የለ፣ ቅምሻ የለ፤ ድንገት ነው የወጣው። ይህ ትሕትና ሊመሰገን ይገባል። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይጠይቃላ! «ከየትኛው ቅጂ ነው የተወሰደው?» ይላል፣ «ሥዕሉን እስቲ አሳዩን» ይላል። ሳይነግሩ ማውጣት ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ይገላግላል።

የተወሰደው ከስልክ ቅጂ ነበር። የታናሽ ወንድሙን ኮት አልብሰው ድንኳን ያስገቡት ሙሽራ መሰለ። በአውራ ጣት እንዲነኩ የተሠሩ ትልልቅ ቁልፎች ማንም በጣቱ በማይነካው ስክሪን ላይ ተንሰራፉ። (በስልክ ላይ ሲሆኑ ተገቢ ናቸው፤ ስልኩን የሚወቅስ የለም።) ሠዓሊዎቹ ነጥብ በነጥብ የደረደሯቸው ገጸ ባሕርያት በማለስለሻ ታሽተው ጠርዛቸው ሟሟ። ወለሉ የተገጣጠመበት ስፌት እዚህም እዚያም ብቅ አለ። ጽሑፉ ደግሞ ከጌሙ ጋር ዝምድና የሌለው፣ ከየትኛውም ቢሮ ማመልከቻ ላይ የተነሣ የሚመስል ፊደል ለበሰ። በ1995 በ256 በ224 ነጥብ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ሥዕል፣ በሺህ እጥፍ አቅም ያለው መሣሪያ ላይ ሲደርስ ደበዘዘ። በጊዜ ስለመጓዝ በሚተርክ ጌም ወደፊት እየሄዱ ወደኋላ መመለስ ራሱን የቻለ ሊቅነት ነው።

ጌሙ መጀመሪያ አካባቢ አንድ የታወቀ ትዕይንት አለ። ክሮኖ የመንግሥቱን ልዕልት አፍኖ ወስዷል ተብሎ ይከሰስና በባዛሩ ላይ የሠራት ጥቃቅን ነገር ሁሉ ትቆጠርበታለች። የሽማግሌውን ምሳ በልተህ ከሆነ ምስክር ይቆምብሃል፤ ድመቷ የጠፋባትን ሕፃን ረድተህ ከሆነ እሷም ትመሰክርልሃለች። አሻጋሪዎቹ እዚያ ችሎት ቢቀርቡ ጠበቃቸው እንዲህ የሚል ይመስለኛል፦ «ክቡር ዳኛ፣ ደንበኞቼ ምንም አልነኩም።» እውነቱን ነው። ኪቦርዱን አልነኩም፣ ማውሱን አልነኩም፣ የስክሪኑን ስፋት አልነኩም። ከስልክ አንሥተው እንዳለ አስቀመጡት። የነኩት ዋጋውን ብቻ ነው።

ብቻቸውንም አይደሉም፣ አይከፋቸው። በ2012 «ዳርክ ሶልስ» ለኮምፒውተር እንዲወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ለመኑ። ልመናቸው ተሰማ፤ ጌሙም መጣ። የቱንም ያህል ሰፊ ስክሪን ይኑርህ፣ ውስጥ ውስጡን በ1024 በ720 ነጥብ እየሣለ፣ በሴኮንድ ከ30 ምስል በላይ አልሰጥም ብሎ መጣ። ዱራንቴ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ተጫዋች ጌሙ በወጣበት ዕለት ሥዕሉን የሚያጠራ ማስተካከያ ሠርቶ በነፃ አደለ። የሥራ ክፍፍል ማለት ይህ ነው፤ ኩባንያው ገንዘቡን ይቀበላል፣ ደንበኛው ሥራውን ይሠራል። «ኒየር፦ ኦቶማታ» ለኮምፒውተር በማርች 2017 ወጥቶ የኩባንያው ማሻሻያ የመጣለት በጁላይ 2021 ነው። በመሐሉ ያሉትን አራት ዓመታት የተሸከመው እንዲሁ ካልዴየን የሚባል በጎ ፈቃደኛ ያዘጋጀው ማስተካከያ ነበር።

«የሰው ሁሉ ኮምፒውተር ይለያያል፤ ለሁሉም ማስማማት ከባድ ነው» የሚል መከራከሪያ አላቸው። ይከብዳል፣ ማን ካደ? ግን የጌሙ ምንጭ ኮድ የሌለው፣ ደመወዝ የማይከፈለው አንድ ሰው በአንድ ቀን የሠራውን፣ ኮዱም ደመወዙም ያለው ቡድን በወራት ካልሠራ ክብደቱ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው። የጨጓራ ጥንቃቄ በሉት።

የ«ክሮኖ ትሪገር» ገዢዎች ሲጮሁ ስኩዌር ኢኒክስ በኤፕሪል 2018 የመጀመሪያውን ማሻሻያ (ፓች) አውጥቶ የጥንቱን ሥዕል የሚመልስ ምርጫ ጨመረ። በቀጣዮቹ ወራት በወጡት ፓቾች የሜኑው ቁልፎች ለኪቦርድና ለጆይስቲክ እንዲስማሙ ተደረጉ። ስለዚህ ይቻል ነበር። የጊዜ ጥያቄም አልነበረም፤ ጌሙ 23 ዓመት ጠብቋል፣ ጥቂት ወር ቢጨመርበት አይሞትም ነበር። ሥራው የተሠራው ግን ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጉድለቱን ገዢዎች አንድ በአንድ ከቆጠሩላቸው በኋላ ነው። ለዚህ ቆጠራ ደመወዝ የተከፈለው ሰው የለም።

ዛሬ ጌሙን መግዛት የሚፈልግ ይግዛ፤ ተስተካክሏል፣ የሚትሱዳም ሙዚቃ ከነክብሩ አለ። ነገ ሌላ ተወዳጅ አርፒጂ ድንገት «ለኮምፒውተር መጣ» ሲባል ግን በመጀመሪያው ቀን አትሽቀዳደሙ፤ ከመውጣቱ በፊትማ ጨርሶ አትክፈሉ። ልባችሁ እምቢ ካለ ይህንን ያዙ፦ ስቲም ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈውን፣ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወታችሁትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል። በ2 ሰዓት የአርፒጂ ታሪክ ገና መግቢያው ላይ ነው፤ ብዥታው ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ይታያል።