ኮንዶም በሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ለነበረበት ሕግ የቀረበ ምስጋና

አየርላንድ ለዓለም ካበረከተቻቸው በጎ ነገሮች ባለቅኔዎቿና ጥቁር ቢራዋ በየአገሩ ይወደሳሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ያወጣችው የቤተሰብ ምጣኔ ሕግ ግን እስከ ዛሬ አመስጋኝ አላገኘም። ውለታ ቢስነት ነው።

ከሕጉ በፊት የነበረው ዘመንም ቢሆን የሚናቅ አልነበረም። ከ1935 ጀምሮ የወሊድ መከላከያ መሸጥም ከውጭ ማስገባትም ክልክል ነበር። ሐኪሞች ክኒኑን ያዝዙ የነበረው የወር አበባን ለማስተካከል በሚል ብቻ ነው፤ ከዚህም የአየርላንድ ሴቶች የወር አበባ ምን ያህል የተዛባ እንደነበር እንረዳለን። በ1971 የሴቶች መብት ተሟጋቾች በባቡር ቤልፋስት ሄደው መከላከያ ገዙ። ክኒኑ ያለ ማዘዣ አልሸጥ ቢላቸው አስፒሪን ሸመቱና ደብሊን ኮኖሊ ጣቢያ ሲደርሱ ክኒን ነው ብለው በጉምሩክ ሠራተኞች ፊት አውለበለቡት። ሠራተኞቹም አሳለፏቸው። አንዳንዶች በዚህ ይሳለቃሉ። ለእኔ ግን የተከለከለውን ዕቃ በመልኩ እንኳ የማያውቅ የሕግ አስከባሪ የሥነ ምግባር ልዕልና ምስክር ነው።

በ1979 የጤና ሚኒስትሩ ቻርልስ ሆሂ «ለአየርላንዳዊ ችግር አየርላንዳዊ መፍትሔ» ያሉትን ሕግ አቀረቡ። መፍትሔው ኮንዶም በሐኪም ማዘዣ፣ ከፋርማሲ ብቻ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ነው። ሐኪሙም ጠያቂው ዕቃውን የሚፈልገው በቅን ልቦና፣ ለቤተሰብ ምጣኔ ወይም ለበቂ የሕክምና ምክንያት መሆኑን ማመን አለበት።

የዚህን ጥበብ ጥልቀት ለመረዳት አንድ የአምስት ልጆች አባት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ወረፋ ይዞ ተቀምጧል እንበል። ተራው ይደርሳል።

«ምንዎን አመመዎት?»

«ደህና ነኝ ዶክተር። ለዛሬ ማታ ነበር።»

«በቅን ልቦና ነው?»

«በቅን ልቦና ነው።»

ሐኪሙ ይጽፋል። በቀን ስንቴ እንደሚወሰድና ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ሕጉ ዝም ስላለ፣ ይህ ለሙያው ተትቷል። ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲ ይሄዳል። ባለ ፋርማሲው ግን ኅሊና አለው፤ ሕጉም በዚህ ሥራ እጁን እንዲያስገባ አያስገድደውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ይሞክሩ ይባላል፤ ሌላው ቦታ ደግሞ የሚከፈተው ሰኞ ነው። ፍላጎቱ እስከ ሰኞ ካልቆየ ሕጉ ሠርቷል። ከቆየም ቅን ልቦናው ተረጋግጧል። ልጅ ለመውለድ ማዘዣ አያስፈልግም፤ ለኮንዶም ለምን አስፈለገ የሚሉ ተቺዎች አሉ። መንግሥት የሚቆጣጠረው አደገኛውን ዕቃ ነው።

ይሁንና የአየርላንድ ሕግ ከፍተኛ ማማ ላይ የደረሰው በፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ነው። በ1983 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የፅንሱን በሕይወት የመኖር መብት ከእናቲቱ ጋር እኩል አድርጎ በሕገ መንግሥቱ አስቀመጠ። በ1992 ደግሞ በአስገድዶ መደፈር ያረገዘች የ14 ዓመት ልጅ ወደ እንግሊዝ እንዳትሄድ በፍርድ ቤት ታገደች። እገዳውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። በዚያው ዓመት ሕዝቡ እንደገና ወጥቶ ክልከላው ወደ ሌላ አገር የመጓዝ ነፃነትን እንደማይገድብ በዚያው አንቀጽ ላይ ጨመረ። ክልከላውና መውጫው በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ሌላ ሕገ መንግሥት አላውቅም። በ1995 የወጣው ሕግም አማካሪዎች የእንግሊዝ ክሊኒኮችን አድራሻ ለሴቲቱ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ቀጠሮ እንዲይዙላት ግን ከለከለ። ስልኩን መደወል የእርሷ ኃላፊነት ነው። በ2013 ደግሞ የወንጀሉ ቅጣት እስከ 14 ዓመት እስራት ሆነ። ደብሊን ውስጥ 14 ዓመት የሚያስፈርደው ነገር የአየርላንድን ባሕር ተሻግረው ሊቨርፑል ሲደርሱ የሕክምና አገልግሎት ነው። ኃጢአት በባሕር ጉዞ ይህን ያህል የሚቀልበት ሌላ አገር የት ይገኛል?

ድሃዋስ ለሚል ጥያቄ መልስ አለኝ። ሀብታሟ የመርከብ ትኬት ትቆርጣለች፤ ድሃዋ ሕገ መንግሥቱን ታከብራለች። ለአገሯ መሠረታዊ ሕግ መከበር ይህን ያህል የምታዋጣ ሴት እንዴት ተበደለች ይባላል?

በግንቦት 2018 ከመራጮቹ ከመቶ ስልሳ ስድስቱ ይህን ሁሉ የዓመታት ድካም በአንድ ቀን ሻሩት። ከጥር 2019 ጀምሮ አንዲት ሴት በእርግዝናዋ የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ የምትሄደው እዚያው አገሯ ወዳለ ሐኪም ነው፤ ፓስፖርቷንም የሚጠይቃት የለም።